የእማዬ ካርድ በበዓል ዋዜማ ተቀየረባት፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ ምላሾች

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ማታ ነው። የእናቴን የኤቲኤም ካርድ ቀይረው ብሯን ወስደውባታል፣ ምን ላድርግ አልኩ። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከተለው ውይይት፣ 20 ምላሽ ደረሰ። አንዳንዱ መንገድ አሳየኝ፣ አንዳንዱ አስለቀሰኝ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ያን ሁሉ ተቀምጦ ማንበብ አይችልም። እኔም አልችልም ነበር። ስለዚህ በቅደም ተከተሉ ልተርክላችሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጽሑፍ ልንገራችሁ። እማዬ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ወዳለ አንድ ኤቲኤም ሄደች። የበዓል ሰልፍ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ማሽኑ ካርዱን ሁለት ጊዜ መለሰባት። ከኋላዋ የቆመ ልጅ እማማ ብሎ ቀረበ። ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ትሑት ነበር። ካርዱን ተቀብሎ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገውና መልሶ ከተተው። እሷ የሚስጥር ቁጥሯን አስገባች። እሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር። 3,000 ብር ወጣላት። ካርዱ ሲወጣ እሱ ቀድሞ አነሳና በእጇ ሰጣት። መርቃው ወደ ቤቷ ሄደች።

የሰጣት ካርድ ግን የሷ አልነበረም። ባንኩ አንድ፣ ቀለሙም አንድ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ግን የሌላ ሰው ነው። በአራት ቀን ውስጥ 38,000 ብር ወጣባት። ከዚያ ውስጥ ወንድሜ ለጣሪያ ማደሻ የላከላት ነበረበት። ሁለት ነገር ጠየቅኩ፦ ብሩን ማን ይመልሳል? ሌላ ጊዜስ እንዴት እንጠንቀቅ?

ምላሽ ቁጥር 1 በደቂቃዎች ውስጥ መጣ። እህቴ ብሎ ጠራኝ፣ እግዜር ይተካላችሁ አለና ወዲያው ጠየቀኝ፦ ካርዱ ታግዷል? ክርክሩ ይቆየን፣ መጀመሪያ ካርዱን አሳግጂ አለ። ቅርንጫፍ እስኪከፈት መጠበቅ እንደማያስፈልግ፣ ባንኮች የስልክ ጥሪ ማዕከል እንዳላቸው አስረዳኝ። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ነገረኝ። የሚደወልበት ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ካርዱ ጀርባ ላይ ነው፤ ካርዱ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልክ ላይ መዝግቡ፣ የአባትና የእናታችሁም ስልክ ላይ መዝግቡላቸው አለ። ሥራዬን አቁሜ መዘገብኩ። እናንተም ይህን ሳትጨርሱ አድርጉት።

ቁጥር 2 ሌላ ዓይነት ሰው ነው። እናትየው ካርዷን ለማታውቀው ሰው ሰጠች፣ እሱ እያየ ቁጥሯን ነካች፣ ታዲያ ባንኩ ምን ያድርግ አለ። ቤቱን ከፍቶ የተኛ ሰው ሌባን ሊከስ አይችልም ብሎ ዘጋው። አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩት። ለእማዬ አላሳየኋትም።

ቁጥር 3 መለሰለት። ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ ሰው መሆኑን ጽፏል። በአክብሮት፣ እርስዎ እያለ ነው የጻፈው። ክሩ ውስጥ እስከ ዛሬ ደጋግሜ የማነበው እሱን ነው። እኛ አገር ሰው አጠገብ ቆሞ እያለ የማሽኑን ቁልፎች በእጅ መሸፈን ሰውየውን ሌባ እንደማለት ይቆጠራል አለ። ትንሽ ራቅ በልልኝ ማለት ይከብደናል። በተለይ ሊረዳን የመጣን ሰው አትንካ ማለት ነውር ነው ብለን ነው ያደግነው። ሌባው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ማሽኑን መስበር አያስፈልገውም፣ ይሉኝታችን በሩን ይከፍትለታል። ራሱም አንድ ቀን ከኋላው ባለ ሰው አፍሮ ሳይሸፍን ቁጥሩን እንደነካ አልደበቀም። ምንም አልደረሰበትም። ግን ማፈሩን ያውቀዋል።

ቁጥር 4 በአንድ ባንክ የካርድ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። የየትኛው ባንክ እንደሆነች አልተናገረችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። ረጅም ነው የጻፈችው። ብዙ ሰው ካርዳችን ኮፒ ተደረገ ይላል፣ የናትሽ ጉዳይ ግን ያ አይደለም አለች። ካርድ ጀርባ ላይ ያለው ጥቁር መስመር የያዘው መረጃ ሁልጊዜ አንድ ነው። ወረቀት ላይ እንደተጻፈ ነው፣ የገለበጠው ሰው መንታ ካርድ ይሠራበታል። ፊት ለፊት ያለችው ቺፕ ግን እንዲያ አይደለችም። በእያንዳንዱ ግብይት አዲስ ኮድ ታመነጫለች። የዛሬው ኮድ ለነገ አይሠራም። ስለዚህ ቺፕ ያለውን ካርድ ገልብጦ መጠቀም ለሌባ ከባድ ሆነበት። ካርዱን ራሱን ማግኘት አለበት፣ አራቱንም ቁጥር ማየት አለበት። መቀየሩ የመጣው በዚህ ነው።

አራት አሃዝ 10,000 ዓይነት አደራደር አለው፤ ደጋግሞ የተሳሳተም ይቆለፍበታል። ማንም ተቀምጦ አይገምትም፣ ያያል እንጂ። የተወለዱበትን ዓመት ላደረጉ ሰዎች ግን ግምቱም ይሠራል ብላ አስጠነቀቀች።

ከዚያ ምን እንደማደርግ በተራ ነገረችኝ። አቤቱታ የሚቀርበው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው። ብሩ የወጣው ከሌላ ባንክ ማሽን ቢሆንም እንኳ ወደ ሌላው ባንክ አይኬድም። ባንኮቹን እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ኢትስዊች ስለሆነ ጥያቄው በዚያ በኩል ያልፋል። በቃል ብቻ አትናገሪ፣ በጽሑፍ አስገቢና ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂ ያዢ አለች። የሂሳብ መግለጫውን አስወጥተሽ ብሩ የወጣበትን እያንዳንዱን ሰዓትና ማሽን አስምሪበት። የማሽኑ ካሜራ ቀረጻ ለዘላለም አይቀመጥም፣ በላዩ ይቀረጽበታል። ሰዓቱን ይዘሽ ፈጥነሽ ካልጠየቅሽ ይጠፋል። ክፉውንም አልደበቀችኝም። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ከገባ ማሽኑ የሚያየው ባለቤቷን ነው። ባንኩም ካርዱ ሲሰጥ የተፈረመውን ውል ያነሳል። ጠፍቷል ተብሎ ከተነገረ በኋላ የሚወጣ ብር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዚያ ጥያቄ ወደ ባንኩ ይዞራል። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ እናትሽ ያወቀችው መቼ ነው?

ይህን በመጀመሪያው ጽሑፌ ደብቄው ነበር። ቁጥር 5 ላይ ራሴ ጻፍኩት። እማዬ ያወቀችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዶሮ ልትገዛ ብር ልታወጣ ሄዳ ማሽኑ እምቢ አላት። ካርዱን አገላብጣ ስሙን አየች። ቤት ገባችና ለማንም አልተናገረችም። ሽንኩርት ከተፈች፣ ዶሮውን በዱቤ አስመጣች፣ ቅዳሴ ሄደች፣ እሑድ አብረን ገደፍን። ለኔ የነገረችኝ ሰኞ ማታ ነው። በዓሉን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ ነው አለችኝ። በኋላ ግን ዋናው ነገር ወጣ፣ አፍራ ነው። ለ30 ዓመት ልጅ ያስተማረች ሴት በአንድ ልጅ መሸወዷን መናገር አቃታት። ከ38,000ው ብር 18,000ው የወጣው ቅዳሜ ማታና እሑድ ነው። እሷ ካወቀች በኋላ ማለት ነው። ብር ሲወጣ ባንኩ በስልክ የሚልከው መልእክትም አልደረሳትም፣ ባንኩ ዘንድ የተመዘገበው ድሮ የተወችው የሲም ቁጥር ነበር።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ክሩ ለጥቂት ሰዓት ዝም አለ።

ቁጥር 6 እና 7 የራሳቸውን ገጠመኝ አመጡ። ስድስተኛው ካዛንቺስ ካርዱን ማሽን እንደዋጠበት ጻፈ። አንድ ሰው መጥቶ ሰርዝ የሚለውን ተጭነህ ቁጥርህን እንደገና ንካ፣ ይተፋዋል ብሎት ነበር። ነካ፣ አልተፋም። ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ሰውየው ካርዱን ይዞ ጠፋ። ማስገቢያው ውስጥ ካርድ የሚይዝ ቀጭን ነገር ቀድሞ ተሰክቶ ነበር። ሰባተኛው ያነሳው ማሽኑ ብር ሳይሰጠው ከሂሳቡ እንደቀነሰበት ነው። ይህ እንኳ ሌባ ሳይሆን የሲስተም ችግር ነው፣ ከቀናት በኋላ ተመለሰልኝ አለ።

ቁጥር 8 ግን ሁልጊዜ የሲስተም ችግር አይደለም ብሎ አረመው። ብር መውጫው ላይ ሐሰተኛ ክዳን የሚለጥፉ አሉ። ብሩ ከኋላው ይቀራል፣ ባለቤቱ ተናዶ ሲሄድ መጥተው ይወስዱታል። በቁጥር 6 የተጻፈውንም ጠቅሶ ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው አለ። ከማሽኑ ፊት ሳትንቀሳቀሱ፣ እዚያው ቆማችሁ ደውሉ። የሚረዳችሁ ቢመጣ ስልኩ ላይ ያለውን ሰው እንጂ እሱን አትስሙ።

ቁጥር 9 ከአሜሪካ ለበዓል የመጣ ሰው ነው። እሱ ያመጣው የክሬዲት ካርድን ነገር ነው። ክሬዲት ካርድ ሲሰረቅ የሚጠፋው የባንኩ ብር ነው፣ ዴቢት ሲሰረቅ ግን ከራስህ ሂሳብ ነው የሚወጣው አለ። እዚያ አገር ለክሬዲት ካርድ ሕጉ የደንበኛውን ኪሳራ ከ50 ዶላር እንዳይበልጥ አድርጎታል። ለዴቢት የሚቆጠረው ቀን ነው። ካርዱ መጥፋቱን አውቀህ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካመለከትክ 50 ዶላር ነው። ከዘገየህ እስከ 500 ይደርሳል። የሂሳብ መግለጫው ከተላከ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለሚወጣው ገደብ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ሲከፍል አስተናጋጁ ካርዱን ይዞ እንዲሄድ እንደማይፈቅድ፣ የካርድ መክፈያው (የፖስ) ማሽን ጠረጴዛው ድረስ እንዲመጣለት እንደሚጠይቅም ጻፈ። ካርዱ ከዓይኑ ከራቀ ፊቱ ያለውን ቁጥርና ከጀርባው ያሉትን ሦስት አሃዞች በስልክ ፎቶ ማንሳት የሰኮንድ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ወሬው ሻከረ። ቁጥር 10 የአሜሪካንህን ሕግ እዚያው ተጠቀምበት አለው። እዚህ ጡረተኛ ኪስ ውስጥ ክሬዲት ካርድ የለም፣ ያለችው ዴቢት ናት፣ ከወጣ ወጣ ነው። እርስዎ መባባሉ ቀርቶ አንተ ሆነ። ዘጠነኛውም ተናዶ መለሰ። እኔ ግን ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ለቀምኩ። ደንበኛውን እንዲህ የሚጠብቅ ሕግ ባለበት አገር እንኳ ዝም ያለ ሰው ይጎዳል። 50 የነበረው 500 የሚሆነው በመዘግየት ነው።

ቁጥር 11 የሕግ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ነው። ሁለቱንም አረጋግቶ ጀመረ። እኛም አገር ሕግ አለ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ማጭበርበሩን ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቡ አለኝ። ባንኩ ቢመልስም ባይመልስም የፖሊስ ማስረጃ ወረቀት ይኑርሽ። የሌላውን ሰው ካርድ እንዳትጥይው ብሎም አጥብቆ ነገረኝ። እኔ ልቆራርጠው ነበር። ያ ካርድ የሌላ ተበዳይ ነው። ባንኩ ባለቤቱን ያውቀዋል፣ ከሱ የተወሰደበት ቦታና ሰዓት ከእማዬ ጋር ቢገጣጠም ለፖሊስ ትልቅ ፍንጭ ነው። ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ፖስታ ውስጥ ከትቼ ለመርማሪው ሰጠሁት።

ከዚያ ወሬው ወደ ስልክ ዞረ። ቁጥር 12 ከባንክ ነው የምንደውለው ብለው የማረጋገጫ ቁጥሩን ስለወሰዱበት ዘመዱ ጻፈ። ቁጥር 13 ጫማ የምትሸጥ ሴት ናት። ደንበኛ ብር አስገብቻለሁ ብሎ ስክሪንሻት ያሳያታል፣ እቃውን ይዞ ይሄዳል፣ ሂሳቧ ውስጥ ግን ምንም የለም። አሁን የሰው ስልክ አታይም። የራሷን ሂሳብ ከፍታ ብሩ ገብቶ ካላየች ካርቶኑን አትለቅም። የሚቆጣ አለ፣ ትቀመጥና ትጠብቃለች። ቁጥር 14 ብድር በቀላሉ እንሰጣለን የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። አስተባባሪዎቹ አጠፉት፣ ተመስገን።

ቁጥር 15 የንግድ ባንክን ነገር አነሳ። በመጋቢት 2016 ሲስተሙ ተበላሽቶ ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ሲያወጣ ያደረውን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሳለን። ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር የተባለው። ያኔ ማን ስንት እንደወሰደ በስም ተለየ፣ ያልመለሱት ፎቷቸው ተለጠፈ። ታዲያ የጡረተኛዋን 38,000 ብር የወሰደውን ማግኘት ለምን አቃተ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ልብ ይነካል። ቁጥር 16 ግን በጥሩ መንገድ መለሰለት። እነዚያ ያወጡት በራሳቸው ሂሳብና በራሳቸው ስም ነው። ይህ ሌባ ያወጣው በእናትየዋ ስም ነው። መዝገቡ ላይ የሱ ስም የትም የለም፣ ፊቱ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ካሜራው ውስጥ። የካሜራው ነገር ጊዜ የማይሰጠው ለዚህ ነው።

ቁጥር 17ን ስጠብቀው የነበረ ያህል ነው ያነበብኩት። አንድ ሕንፃ ሥር ያለ ኤቲኤም የሚጠብቅ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። አጻጻፉ አጭር አጭር ነው። የጡረታ ብር በሚወጣበት ሰሞን አዛውንቶች ካርዳቸውን ይሰጡታል፣ ቁጥሩንም ይነግሩታል፣ ጮክ ብለው። አልቀበልም ሲል ልጄ ምነው ጨከንክ ይሉታል። ትዕቢተኛ ያሉትም አሉ። እሱ ግን ጀርባውን አዙሮ ይቆማል። የሚረዳቸው እንዲህ ነው፣ ከኋላ ያለውን ሰው በማራቅ። ቀያሪዎቹን ከእጃቸው ለይቶ ያውቃቸዋል። አንድ እጃቸው ሁልጊዜ የተጨበጠ ነው፣ ሌላኛው ካርድ እዚያ መዳፍ ውስጥ ነው ያለው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ ሲረዳ ሌላው ብር ወድቆብዎታል ብሎ ዓይን ያዞራል። ለአዛውንቶች የሚመክረው ካርዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ጥፍር ቀለም ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ያን ጊዜ የሌላ ሰው ካርድ እጅ ላይ ሲገባ ወዲያው ይታወቃል። ስም ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል፣ ቀይ ነጥብ ለማየት አያስፈልግም።

ለዚህ ሰው ብዙዎች አመሰገኑት። እኔም እዚህ ደግሜ አመሰግነዋለሁ። ያ ሐሙስ እማዬ የቆመችበት ማሽን አጠገብ እሱን የመሰለ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ብዙ አስቤአለሁ።

ቁጥር 18 የሲም ካርዱን ነገር አነሳ። ቁጥር የቀየራችሁ ሰዎች ባንክ ሄዳችሁ አስቀይሩ አለ። አሮጌው ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ የሂሳባችሁም መልእክት እዚያ ይገባል።

ቁጥር 19 ላይ ያ ቁጥር 2 ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። አሁንም ጥፋቱ የባለቤቱ ነው ይላል። ግን የሚጠቅም ነገር ይዞ መጣ። ካርድ ያለበት ሂሳብ ውስጥ የወር ወጪ ብቻ አስቀምጡ፣ የቀረውን ካርድ በሌለው ሁለተኛ ሂሳብ ያዙት። የጣሪያው ብር ከኤቲኤሙ ጋር መገናኘት አልነበረበትም አለ። እውነቱን ነው። ስለ እማዬ የተናገረው ግን ልክ አይደለም፣ ለሱም እንደዚያው ብዬ ጻፍኩለት። ቤቷን ከፍታ አልተኛችም። ሰው አምና ነው። አሳፋሪው ሥራ የልጁ ነው፣ ኀፍረቱን ተሸክማ ሁለት ቀን ዝም ያለችው ግን እሷ ናት። እኛ እንደ ቁጥር 2 በተናገርን ቁጥር ቀጣዩዋ እናት ከሁለት ቀን በላይ ትደብቃለች፣ ሌባውም ሁለት ቀን ተጨማሪ ያገኛል። ወላጆቻችሁን ዛሬ ቁጭ አድርጋችሁ፣ ቢደርስባችሁ አንቆጣም፣ በዚያው ደቂቃ ደውሉልን በሏቸው። ከነገርኳችሁ ሁሉ ይህንን እለምናችኋለሁ።

ቁጥር 20 የኔ ነው። ከወር በኋላ የጻፍኩት። አቤቱታው ገብቷል፣ ማመልከቻ ቁጥር አለው። ባንኩ ስለ ወጣው ብር የሚስጥር ቁጥሩ ትክክል ነበር ብሏል። የካሜራው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም፣ በየሳምንቱ እየተመላለስኩ ነው። ፖሊስ ጣቢያም ቃሏን ሰጥታለች። ሁለተኛ ሂሳብ ከፈትንላት፣ ስልኳ ተመዘገበ።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ካርድ ይዛ አብረን ሄድን። ቀይ ነጥቡን ራሷ ናት የቀባችው። እኔ ወደ ጎን ቆምኩ። ከኋላዋ አንድ ጎልማሳ ሰው ተጠግቶ ነበር። ዞር ብላ ልጄ ትንሽ ራቅ በልልኝ አለችው፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደምታዝ አድርጋ። ሰውየው ይቅርታ እማማ ብሎ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አነሳችና ቁልፎቹን በሙሉ ሸፈነቻቸው።